ፍሬኗ እንደተያዘ የተቀጣጠለችው ወፍጮ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 1987 ለ16 አጥቢያ ደቡብ እንግሊዝን አውሎ ነፋስ መታው። ዛፉ ከነሥሩ እየተነቀለ ባደረበት በዚያ ሌሊት፣ በሰሴክስ ከክላይተን መንደር በላይ ባለው ኮረብታ የቆመች አንዲት የእንጨት ወፍጮ ክንፎቿ መዞር ጀመሩ። ፍሬኗ ተይዟል። ነፋሱ ግን ክንፎቹን ከነፍሬናቸው አዞራቸው፤ ፍሬኑ ከጎማው ጋር ሲፋተግ ጋለ፣ ፍንጣሪ ተፋ፣ ወፍጮዋ ተያያዘች። የሚንከባከቧት የማኅበሩ አባላት ባይደርሱላት ኖሮ በማግሥቱ የሚገኘው አመድ ነበር። ደርሰው አጠፉት።

ወፍጮዋ ጂል ትባላለች፤ አጠገቧ ያለው የጡብ ወፍጮ ደግሞ ጃክ። ጂል በ1821 ብራይተን ውስጥ ተሠርታ፣ በ1852 በፈረስና በበሬ እየተጎተተች ኮረብታ ለኮረብታ ተሻግራ ክላይተን የገባች ናት። እስከ 1906 ፈጭታ ቆመች። ጥገናዋ በ1978 ተጀመረ፣ በ1986 እንደገና ዱቄት አወጣች፤ እሳቱ የመጣው በዓመቱ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ ፍሬን ተይዞ እንዴት ይዞራል ብሎ ነው። መልሱ ያለው ወፍጮዋ በተሠራችበት መንገድ ውስጥ ነው።

ጂል ባለ ምሰሶ ወፍጮ ናት። በዚህ ዓይነት ወፍጮ ቤቱ በሙሉ፣ ድንጋዩም፣ ጎማውም፣ ከረጢቱም፣ ፈጪው ራሱም፣ በአንድ ወፍራም የባሉጥ ምሰሶ አናት ላይ ተቀምጦ ወደ ነፋሱ ይዞራል። ምሰሶው መሬት ውስጥ አይቀበርም። ሁለት አግዳሚ ግንዶች በመስቀል ቅርጽ ተጋድመው ጫፎቻቸው በአራት የጡብ መደቦች ላይ ያርፋሉ፤ ከየጫፎቹ የሚነሡ አራት ሰያፍ ባላዎች ምሰሶውን ወገቡ ላይ ደግፈው ሸክሙን ወደ መደቦቹ ያወርዱታል። በወጉ የተሠራ እንደሆነ የምሰሶው ግርጌ መስቀሉ ላይ ሳይጫን ቦታውን ብቻ ጠብቆ ይቆማል። ከሩቅ ሲያዩት ምሰሶው የተሸከመው ይመስላል፤ የተሸከሙት ባላዎቹ ናቸው።

ከፊት አራት ክንፎች አሉ። በእንዲህ ዓይነቱ የመንደር ወፍጮ ከጫፍ እስከ ጫፍ 18 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። ክንፎቹን የሚይዘው ዘንግ ወደ ኋላ ትንሽ ዘመም ብሎ ወደ ቤቱ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ውስጥ ዘንጉ ላይ ትልቁ ጥርሳም ጎማ ተሰክቷል። ጎማው ሁለት ሥራ አለው። በጥርሱ ድንጋዮቹን ያዞራል፣ በጠርዙ ደግሞ ፍሬኑን ይቀበላል። ፍሬኑ በጎማው ዙሪያ እንደ መቀነት የተጠመጠመ ነው፤ አንዳንዱ ከጎበጡ የእንጨት ቁርጥራጮች የተገጣጠመ፣ አንዳንዱ የብረት ጠፍር። አንዱ ጫፉ ከቤቱ ማገር ጋር ተቸንክሯል፣ ሌላው ከአንድ ረጅም ከባድ ግንድ ጋር ተያይዟል። ግንዱ ሲወርድ በራሱ ክብደት መቀነቱን ያጠብቃል። ፈጪው ወፍጮውን ማስነሣት ሲፈልግ በገመድ ግንዱን ያነሣና መንጠቆ ላይ ይሰቅለዋል፤ ማቆም ሲፈልግ ከመንጠቆው አውጥቶ ቀስ እያደረገ ይለቅቀዋል። ገመድ ቢበጠስ ወፍጮው ይቆማል እንጂ አይፈታም። ብልህ አሠራር ነው።

ችግሩ ስሌቱ ላይ ነው። ጎማው 2.5 ሜትር ስፋት አለው ብንል ፍሬኑ የሚይዘው ከመሐሉ 1.25 ሜትር ርቆ ነው። ነፋሱ የሚገፋው ግን እስከ 9 ሜትር ድረስ በተዘረጋው ክንፍ ሙሉ ርዝመት ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ግፊት ሰባት እጥፍ ይጠናል። በዚያ ላይ የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ለስለስ ባለ ነፋስ ላይ አንድ ሰው በእጁ የሚያቆመው ወፍጮ፣ ማዕበል ሲመጣ ያው ፍሬን እንደ ክብሪት ይሆንበታል። ቤቱ ደረቅ እንጨት፣ አየሩ የዱቄት ብናኝ፣ ዘንጉ የሚለሰልሰው በሞራ።

ስለዚህ ፍሬን የቆመን ወፍጮ ማቆያ ነው እንጂ ከነፋስ ጋር መታገያ አይደለም። ነፋስን መቀነስ የሚቻለው ክንፉ ላይ ነው። ሸራ በሚለብሰው የድሮ ክንፍ ይህ አድካሚ ሥራ ነበር፤ ፈጪው ወፍጮውን አቁሞ፣ አንዱን ክንፍ ታች አምጥቶ ሸራውን ይጠቀልላል፣ ፍሬኑን ፈታ አድርጎ ሁለተኛውን ያመጣል፣ እንዲህ እያለ አራት ጊዜ። ያን ሁሉ ለማድረግ ፍሬኑ ገና የሚይዝበት ሰዓት ላይ መጀመር አለበት። ደመናው ከጠቆረ በኋላ "ይቺን አንድ ከረጢት ልጨርስ" ያለ ሰው ሦስተኛውን ክንፍ ሳይጠቀልል ማዕበሉ ይደርስበታል፤ ሁለቱ ባዶ ሁለቱ ሸራ የለበሱ ክንፎች ደግሞ ዘንጉን እያናወጡ ነው የሚዞሩት። በ1807 ዊልያም ኩቢት ያወጣው ክንፍ ይህን ጣጣ አስቀረ። ክንፉ እንደ መስኮት ሳንቃ የሚከፈቱና የሚዘጉ ብዙ መዝጊያዎች አሉት፤ ሁሉም በዘንጉ መሐል በሚያልፍ አንድ የብረት ዘንግ ይያያዛሉ፣ ከኋላ በኩል በተንጠለጠለ ሰንሰለትና በክብደት ይታዘዛሉ። ክብደቱ ሲቀነስ ነፋሱ ራሱ መዝጊያዎቹን ከፍቶ ያልፋል። ወፍጮውን ማቆም አያስፈልግም።

ወፍጮው ከቁጥጥር ከወጣስ? ያልለመደ ሰው እጁ የሚሄደው ወደ ፍሬኑ ገመድ ነው። በሙሉ ፍጥነት የሚዞር ወፍጮ ላይ የፍሬኑን ግንድ በድንገት መልቀቅ ማለት ወይ የእንጨት ጥርሶቹን ማራገፍ፣ ወይ ክንፍ መገንጠል፣ ወይ እሳት ነው። የለመደው ፈጪ ሌላ ያደርጋል። እህሉን ያበዛል፣ የላይኛውን ድንጋይ ዝቅ አድርጎ ያስጨንቀዋል፤ በዚያን ሰዓት ድንጋዩ የዱቄት መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ ፍሬን ይሆናል። ዱቄቱ ይበላሽ፣ ግድ የለም። ፍሬኑ ማጨስ ከጀመረ ያላላዋል፤ ነፋሱ እስኪያርፍ ጠብቆ በረድ ባለችው ቅጽበት እንደገና ይይዘዋል። ቤቱን ማዞር ከተቻለ ጎኑን ለነፋሱ ይሰጣል፤ ክንፎቹ ነፋሱን በሰያፍ ሲያገኙት ጉልበታቸው ይከዳቸዋል፣ ያኔ ፍሬኑ ይይዛል። ቤቱን ለማዞር ግን ከኋላ ያለው ደረጃ መጀመሪያ ከመሬት መነሣት አለበት። ደረጃው ሲወርድ መልሕቅ ነው፤ ሳያነሡ ጅራቱን፣ ማለትም ቤቱ የሚዞርበትን የኋላ ግንድ፣ የሚገፉ ሰዎች ደረጃ ይሰብራሉ።

በድንጋዩ ነገር ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ብዙው አደጋ የሚጀምረው እዚያ ነው። የተለመደው የእንግሊዝ ወፍጮ ድንጋይ 1.2 ሜትር ስፋት አለው፤ የላይኛው ብቻውን አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል። ክንፉ በደቂቃ 15 ጊዜ ሲዞር ድንጋዩ 120 ያህል ይዞራል። ሁለቱ ድንጋዮች አይነካኩም፤ መሐል ላይ ያለው ክፍተት የወፍራም ወረቀት ያህል ነው፣ ዳር ላይ የስስ ወረቀት ያህል። ያን ክፍተት የሚጠብቀው እህሉ ነው። እህል ካለቀ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ይፋጫል፣ ፍንጣሪ ይወጣል፣ ጭነቱ የቀለለለት ወፍጮ ደግሞ ይፈጥናል። ሁለቱ ክፉ ነገሮች አብረው ይመጣሉ ማለት ነው።

ለዚህ የተበጀው መላ ቃጭል ነው። እህሉ የሚፈስበት ሣጥን ውስጥ አንድ የቆዳ ጠፍር ተዘርግቷል፤ የእህሉ ክብደት ሲጫነው ጠፍሩ ተወጥሮ በሌላው ጫፍ ያለችውን ቃጭል ወደ ላይ አንጠልጥሎ ይይዛታል። እህሉ እየጎደለ ሲሄድ ጠፍሩ ይላላል፣ ቃጭሏ ወርዳ ከሚዞረው ዘንግ ጋር ትላተማለች። ፈጪው ምድር ቤት ዱቄት እየከረጠተ ቢሆንም ይሰማታል። ቃጭል የሰማ ፈጪ ወሬውን አይጨርስም።

ስንዴ የሚፈጨው የፈረንሳይ ድንጋይ የሚባለው አንድ ወጥ አይደለም፤ ከቁርጥራጭ ተገጣጥሞ በጀሶ ተያይዞ በብረት ቀለበት የታሰረ ነው። ቀለበቱ ጠብቆ መታሰሩን ሳያረጋግጡ በዚያ ፍጥነት ማዞር ሞት መጥራት ነው። የድንጋዩ ፊት ሲደነዝዝ ዱቄቱ ከመቆረጥ ይልቅ እየተዳመጠ ይግላል፤ ፈጪው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሽቶ ያውቀዋል። ያኔ ድንጋዩ ተነሥቶ ይወቀራል። ወፍጮ መውቀር እኛ ዘንድም ያለ ሙያ ስለሆነ ብዙ ማብራራት አያሻም፤ ልዩነቱ እዚያ የሚወቅረው ፊቱን ማሻከር ብቻ ሳይሆን ከመሐል ወደ ዳር የሚሄዱትን ቦዮችም መልሶ መክፈት አለበት። ዱቄቱ የሚወጣውም አየር የሚገባውም በነሱ ነው።

ነፋስ ከፊት ሲመጣ ይህ ሁሉ ይሠራል። ከኋላ ሲመጣ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ዘንጉ ዘመም ተብሎ የተቀመጠው ከፊት የሚመጣውን ግፊት ወደ ውስጥ እንዲቀበል ነው፤ ከኋላ ከተገፋ ክንፎቹ ወደ ውጭ ይሳባሉ፣ ዘንጉ ከመቀመጫው ሊነሣ ይችላል፣ የቤቱ ሰፊ ጀርባም እንደ ሸራ ይነፋል። በ1745 ኤድመንድ ሊ ያስመዘገባት ከኋላ የምትቆም ትንሽ ማራገቢያ ቤቱን በራሷ ወደ ነፋሱ ታዞራለች፤ ጂልም አላት። ማራገቢያዋ ግን የምትዞረው ቀስ በቀስ ነው። ነፋሱ በደቂቃዎች ውስጥ አቅጣጫ ከለወጠ አትደርስበትም።

ከለንደን ሰሜን ምዕራብ፣ በበኪንግሃምሸር የምትገኘው የፒትስቶን ወፍጮም ባለ ምሰሶ ናት። አካሏ ላይ 1627 የሚል ዓመት ተቀርጿል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሃውኪንስ የሚባል የአካባቢው ገበሬ ከባለርስቱ ተከራይቶ ሥራዋን አሟሙቆ ይዞ ነበር። በ1902 አውሎ ነፋስ መታትና ጥገናው ከምታስገኘው ገቢ በላይ ሆነ። የመንደር ወፍጮ አሟሟት በአብዛኛው እንዲህ ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት ቢሆን ወፍጮዋን የያዘው ሰው አናጢ ጠርቶ በዓመቱ ያስነሣት ነበር፤ በ1902 ግን ወደብ ዳር ያሉት በእንፋሎት የሚሠሩ የብረት ሲሊንደር ወፍጮዎች ከባሕር ማዶ የመጣውን ስንዴ አንጥተው በርካሽ እየሸጡ ስለነበር ማንም ለክንፍ ገንዘብ አላወጣም። ነፋሱ ያደረሰው ጉዳት ሰበብ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ወፍጮዋ በ1937 ለቅርስ ጥበቃ ተቋሙ ለናሽናል ትረስት ተሰጠች፤ በ1963 በጎ ፈቃደኞች በራሳቸው ወጪ ጥገና ጀመሩ፣ በ1970 ከ68 ዓመት በኋላ እህል ፈጨች።

ዛሬ እንዲህ ያሉ ወፍጮዎችን የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ሥራ ሲጨርሱ በፍሬኑ ብቻ አምነው አይሄዱም። መዝጊያዎቹን ይከፍታሉ ወይም ሸራውን ይጠቀልላሉ፣ ቤቱን ወደሚጠበቀው ነፋስ ያዞራሉ፣ ፍሬኑን ይይዛሉ። ሆላንድ ውስጥ በዚያ ላይ የታችኛውን ክንፍ በሰንሰለት ከመሬት ጋር ያስራሉ፣ የመብረቅ ሽቦውንም ያገናኛሉ። ጠዋት ተራው ይገለበጣል። ሰንሰለቱ ሳይፈታ ፍሬኑ ከተነሣ ክንፉ ሰንሰለቱን ነትሮ ይጎዳል። ክንፉ ደግሞ በደቂቃ 15 ሲዞር ጫፉ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ከመሬት በቅርብ ስለሚያልፍ በዚያ በኩል ሰው መኖር አለመኖሩ ይታያል። ክንፋቸው እስከ መሬት የሚወርድ የጡብ ወፍጮዎች ሁለት በር በትይዩ የሚኖራቸው ለዚህ ነው፤ ክንፍ ባለበት በኩል ያለው ይዘጋል፣ ሰው በሌላው ይወጣል።