ታንኩ ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ

አማሪሎ፣ ቴክሳስ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ድርቆሽ አመላልስ ነበር። አንድ ቀን ፓሎ ዱሮ ካንየን ከሚባለው ሸለቆ አፋፍ ላይ ወዳለ ራንች (የከብት እርባታ) ስሄድ ስልኬ «ወደ ግራ ታጠፍ» አለኝ። ታጠፍኩ። መጀመሪያ ኔትወርክ ጠፋ፣ ቀጥሎ መንገዱ ጠፋ። ፊቴ አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ ቀይ ገደል።

የራንቹ ባለቤት በፒክአፕ ፈልገው አገኙኝ። ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። (እንግሊዝኛ አንቱ ባይኖረውም እኔ በሆዴ አንቱ ነው የምላቸው።) አልተቆጡም። ከወንበር ኋላ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡና ኮፈኑ ላይ ዘረጉት። እጥፋቱ በፕላስተር የተለጣጠፈ፣ ጥጉ ቡና የፈሰሰበት የድሮ ቶፖግራፊ ካርታ ነው።

«ታንኩ ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ» አሉኝ። ታንክ? እኔ የማውቀው በሰንሰለት የሚሄደውን ነው። ልጅ ሆኜ መንገድ ዳር ተቃጥሎ የቀረ ታንክ ላይ ተጫውቻለሁ። ለካ ቴክሳስ ውስጥ ታንክ ማለት ከብት እንዲጠጣ የተገደበ ኩሬ ነው! ካርታው ላይ ትንሽ ሰማያዊ ነገር።

ቡናማዎቹን መስመሮችም አሳዩኝ። እያንዳንዱ መስመር እኩል ከፍታ ያለውን መሬት ያያይዛል። ሲራራቁ ሜዳ፣ ሲጠጋጉ ገደል። ስልኬ የመራኝ ቦታ ላይ መስመሮቹ እንደ ሹሩባ ተጠጋግተዋል። እኔ ያደግኩት ጀማ ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ሳየው ጉልበቴ ራደ።

አንዲት ጥቁር ካሬ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «እዚህ ተወለድኩ።» ቀና ብዬ አየሁ። ሣር ብቻ። ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል።

ማታ ቤቴ ገብቼ ፈለግኩ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከ1884 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያተማቸውን የድሮ ካርታዎች በነፃ ያስወርዳል። ብዙዎቹ 1:24,000 ናቸው፤ አንድ ሴንቲሜትር 240 ሜትር ነው ማለት ነው። የዚያን አካባቢ ሁሉንም እትም አወረድኩ። በአንዱ ካሬዋ አለች፣ በአዲሱ የለችም። እስከ ሌሊት ስድስት ሰዓት እሷን ስፈልግ አመሸሁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

አሁን አንዱን ቅጂ መኪናዬ ውስጥ ይዤ ነው የምዞረው። ጭነት የሚመድብልኝ ዲስፓቸሬ «ሽማግሌ ሆንክ» እያለ ይስቅብኛል። ባለፈው ሳምንት ግን አዲስ ሾፌር ጠፍቶበት ደወለልኝ።

«ስማ፣ ያ ታንክ የት ጋ ነበር?»