ምላጭ ያልጫረውን ማግኔት ጫረው

ጀሞ ውስጥ ትንሽ የወንዶች ፀጉር ቤት አለኝ። ሁለት ወንበር፣ ሁለት የግድግዳ መስታወት፣ ወረፋ ለሚጠብቁ አንድ አግዳሚ፣ ከአግዳሚው ጎን ደግሞ አንድ አኳሪየም። ለባለቤቴ «ደንበኛ እንዳይሰለቸው ነው» ብያታለሁ። ደንበኛማ ስልኩ አለው። ለራሴ ነው ያስገባሁት።

መስታወት ቆርጦ የሚሸጥ ሰው ጋር ሄጄ ነው ያሰራሁት። ርዝመቱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40። 100 ሊትር አካባቢ ውሃ ይይዛል። ውስጡ 4 ጎልድፊሽ አሉ። የአዲስ አበባን ብርድ ያለ ማሞቂያ ስለሚችሉ ነው እነሱን የመረጥኩት። ጎልድፊሽ ሲበላ የሚውል፣ የበላውንም ወዲያው የሚያወጣ ፍጥረት መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም። የሚያወጡት ደግሞ ለአልጌ፣ ውሃ ውስጥ ለሚበቅለው አረንጓዴ ነገር፣ ማዳበሪያ ነው። በሁለተኛው ወር የገንዳው መስታወት አረንጓዴ ሆነ። አንድ ደንበኛዬ «አሳ ነው ወይስ ጎመን ነው ያስገባኸው?» አለኝ።

ጥፋቴን የሰራሁት ያኔ ነው።

ማግኔት ገዛሁ። ሁለት ቁራጭ ነው። አንዱ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ሆነው መስታወቱን መሃል አድርገው ይሳሳባሉ። የውስጠኛው ፊት ላይ ሸካራ ጨርቅ ተለጥፎበታል። የውጪውን ስትገፋው የውስጠኛው ይከተላል፣ አልጌው ይጠረጋል፣ እጅህ ጠብታ ውሃ አይነካውም። እንደ መጫወቻ ነው። ደንበኛ እየጠበቀ እንኳ ሁለቴ ወዲህ ወዲያ ማድረግ ያምረኛል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቤቱ ሞልቶ፣ እየጠረግኩ ስልኬ ጠራ። የውጪውን ቁራጭ ሳላስበው ከመስታወቱ አነሳሁት። የውስጠኛው ቀስ እያለ ወርዶ አሸዋው ላይ ተኛ። ስልኩን ጨርሼ የውጪውን ወደ ታች አስጠጋሁ። ቀጭ! ተያያዙ። ወደ ላይ ሳብኩት። «ክርርር» አለ።

እኔ በጆሮዬ የምሰራ ሰው ነኝ። ምላጭ ሲደነዝዝ ቆዳ ላይ የሚያወጣውን ድምፅ እለያለሁ። ቶንዶስ ዘይት ሲያንሰው ሳላየው አውቃለሁ። የዚያን ቀን ግን ድምፁን እየሰማሁ እጄን አላቆምኩም። ማግኔቱን ሳነሳ፣ ከመስታወቱ ግርጌ ተነስቶ ወደ መሃል የሚወጣ፣ አንድ ስንዝር የሚያህል ጎበጥ ያለ ነጭ መስመር ተሰምሯል። ያውም በፊት ለፊቱ መስታወት፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ትክክል።

ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ ደንበኛ አሉኝ። ዕድሜያቸውን እብነ በረድ ሲያለሰልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። በሳምንቱ መጡና ጎንበስ ብለው አዩት። «ልጄ፣ ይኼ የአሸዋ ሥራ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በጨርቅ እኮ ነው የጠረግኩት።»

«ጨርቁ ውስጥ የገባውን ነው የምልህ።»

ቤት ገብቼ ጉዳዩን ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ማዕድናት በጥንካሬያቸው ከ1 እስከ 10 የሚደረደሩበት ሞስ የሚባል መለኪያ አለ። ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ይጭረዋል። ተራ መስታወት 5.5 አካባቢ ነው። አሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኳርትዝ ግን 7 ነው። አንዲት ፍሬ አሸዋ ጨርቁ ውስጥ ከተሰነቀረች በኋላ ጨርቁ ለስላሳ ቢሆን ባይሆን ለውጥ የለውም። ማግኔቱ እሷን መስታወቱ ላይ ተጭኖ የሚጎትት መሳሪያ ይሆናል። መስታወትም እኮ የሚሰራው ከቀለጠ አሸዋ ነው። ዘመዱ ነው የጨረው።

ለካ ስፈራው የኖርኩት ሌላ ነገር ነበር። ምላጭ። በየቀኑ በሰው ጉሮሮ ላይ የማስኬደውን ምላጭ ወደ መስታወቱ ማስጠጋት ፈርቼ በጨርቅ አበላሸሁት። የምላጭ ብረትና የመስታወት ጥንካሬ ተቀራራቢ ነው። ንጹህና አዲስ ምላጭ ጋደም ብሎ ከሄደ መስታወት ላይ ጭረት አይተውም። የሚጭረው ማዕዘኑ፣ የተሸረፈ ጠርዙ ወይም ከፊቱ የሚገፋው አሸዋ ነው።

አሁን እንዴት እንደማጸዳ ልንገራችሁ። ሰኞ ጠዋት ነው የምሰራው፣ 2 ሰዓት ላይ፣ ደንበኛ ሳይበዛ። መጀመሪያ ፓምፑን ከሶኬት እነቅላለሁ። እርጥብ እጅና መብራት አይዋደዱም። ከዚያ እጄን በውሃ ብቻ ደጋግሜ እታጠባለሁ። እኔ ጋ ይኼ ቀልድ አይደለም፣ እጄ ላይ ስፒሪት አለ፣ የፀጉር ቅባት አለ፣ ሽቶ አለ። ሁሉም ለአሳ አይሆኑም።

ስስ የሆነውን አረንጓዴ፣ ጣት ሲነካው የሚለቀውን፣ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ነው የምጠርገው። ጨርቁ አዲስ ነው፣ ሳሙና ነክቶት አያውቅም። የሱቁ ፎጣ እዚህ አይገባም። ጨርቁን አንዴ ወደ ታች ከጠረግኩበት በኋላ ባልዲ ውስጥ አለቀልቀዋለሁ፣ ከዚያ ነው የምመለሰው። የድስት ማጠቢያ ስፖንጅ ግን ከናካቴው ይቅርባችሁ። ያ ሸካራው ጀርባው ላይ ብዙ ጊዜ መፈተጊያ የማዕድን ብናኝ ይጣበቅበታል፣ ከአሸዋም የባሰ ጠንካራ ሊሆን ይችላል። የሽቦውንማ አላነሳውም።

ትንሽ ወፈር ላለው ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ አለኝ። ፕላስቲክ ከመስታወት በጣም ይለሰልሳል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ እጅ ውስጥም ይመቻል። ባንኩ አዲስ ካርድ ሲሰጠኝ አሮጌውን ቆርጠህ ጣለው ተብዬ ነበር። ቺፑ ያለበትን ጎን ብቻ ቆርጬ ጣልኩ።

ካርድ የማይበግረው አንድ ዓይነት አለ። ክብ ክብ፣ የመርፌ ራስ የሚያክል፣ መስታወቱ ላይ እንደ ቀለም ነጠብጣብ የደረቀ አልጌ። ጥፍር ይንሸራተትበታል። እዚህ ላይ ነው ምላጩ የሚመጣው። ለመላጫ የምንጠቀምበት ለሁለት የተሰበረው ምላጭ አይሆንም። እሱ ይለመጣል፣ ማዕዘኑም ሹል ነው። የቀለም ቀቢዎች መፋቂያ፣ እጀታ ያለው፣ ሰፊና ወፍራም ምላጭ የሚገባበት አለ፣ እሱን ነው የምጠቀመው። ፂም ስላጭ ምላጩን 30 ዲግሪ ያህል ነው የማጋድመው። መስታወት ላይ ከዚያም ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ጠርዙ ከዳር እስከ ዳር እኩል እንዲነካ። እገፋዋለሁ፣ አነሳዋለሁ፣ እንደገና ከላይ እጀምራለሁ። ወደ ኋላ አልጎትተውም። ከላይ ወደ ታች፣ ሁልጊዜ። ነጠብጣቡ ሲለቅ «ትክ» የሚል ስስ ድምፅ አለው። እሱ ጤነኛ ድምፅ ነው። ሌላ ድምፅ ከሰማሁ ግን ወዲያው አቆማለሁ፣ ምላጩንም መስታወቱንም አያለሁ።

ከአሸዋው ሦስት ጣት ሲቀረኝ ምላጩን አወጣለሁ። ከዚያ በታች ያለው የካርድ ቦታ ነው። መጀመሪያ አሸዋውን በጣቴ ከመስታወቱ ገፋ አደርጋለሁ፣ ትንሽ ቦይ ነገር እሰራለሁ፣ ከዚያ በካርዱ እፍቃለሁ። ማዕዘኖቹ ላይ ደግሞ መስታወቶቹን ያያያዘው ሲሊኮን አለ። ምላጭ እዚያ ከደረሰ ሲሊኮኑን እንደ ቅቤ ነው የሚቆርጠው፣ ከዚያ በኋላ ወለል ላይ የሚፈሰው 100 ሊትር ነው። ለማዕዘን ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ሲያልቅ ምላጩን አድርቄ አስቀምጠዋለሁ፣ ዝገት ካየሁበት እጥለዋለሁ። የዛገ ምላጭ በሰውም በመስታወትም ላይ ያው ነው።

ማግኔቱን አልጣልኩትም። አሁንም እጠቀምበታለሁ፣ ለመሃልና ለላይ ብቻ። ከመክተቴ በፊት ጨርቁን በአውራ ጣቴ እዳስሰዋለሁ። ከወደቀ በእጄ አነሳዋለሁ፣ አውጥቼ በደንብ ሳላጥበው አይመለስም። ስልክም አላነሳም። እንዲህ የምላችሁ ደግሞ ገንዳችሁ የመስታወት ከሆነ ነው። አክሪሊክ ከሆነ ምላጩን እርሱት፣ ከመስታወት በጣም ስለሚለሰልስ ካርዱንም በጥንቃቄ ነው።

የተጠረገው አልጌ ውሃ ውስጥ ስለሚበተን፣ ወዲያው ከውሃው ሩቡን በቀጭን ጎማ ስቤ አወጣለሁ። እዚህ ላይ የሰፈራችን ውሃ ይገባበታል። በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴም ፈረቃውን ይረሳዋል። የምቀይርበት ውሃ ከሌለኝ መስታወቱን አልነካውም፣ ሌላ ሳምንት አረንጓዴ ይሁን። ውሃ በመጣ ቀን ሁለት ባልዲ ሞልቼ ክዳኑን ከፍቼ አሳድረዋለሁ፣ ክሎሪኑ እንዲወጣለት። የኋላውን መስታወት ደግሞ ጭራሽ አላጸዳውም። አልጌውን አሳዎቹ እየመጡ ይለቃቅሙታል፣ እሱም ከውሃው ውስጥ ቆሻሻ ይመጥጣል። ደንበኛ የሚያየው የፊቱን ነው።

ከላይ ውሃው የሚደርስበት ላይ የሚሰራው ነጭ መስመር አልጌ አይደለም። ውሃው ሲተን የሚቀር ማዕድን ነው፣ ሻይ ማፍያ ውስጥ እንደሚቀረው። በደረቁ ፍቄው አላውቅም። ውሃውን ዝቅ አድርጌ ጨርቅ በአቼቶ ነክሬ 10 ደቂቃ አስደግፈዋለሁ፣ ከዚያ በካርድ ይለቃል። ጨርቁ መጨመቅ አለበት፣ አቼቶ ወደ ውሃው እንዳይንጠባጠብ።

ይህን ሁሉ ተምሬም አልጌው በየ 5 ቀኑ እየተመለሰ አስቸገረኝ። አንዱ ምግብ ቀንስ አለኝ፣ ቀነስኩ። ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች ዳቦ ሲወረውሩ ያዝኩ፣ ክዳን አሰራሁ። ትንሽ ተሻለ እንጂ አልጠፋም። ፀሐይ አያገኘውም፣ መስኮቱ በሌላ በኩል ነው። አንድ ቀን 9 ሰዓት ላይ የሰው ፀጉር እየቆረጥኩ ቀና ስል ገንዳው ቦግ ብሎ በርቷል። በበሩ የገባችው ፀሐይ የግድግዳውን መስታወት መትታ፣ ከዚያ ተመልሳ አሳዎቹ ላይ አርፋለች። የገዛ መስታወቴ ነው ለአልጌው ፀሐይ ሲያበላ የከረመው! በዚያ ላይ የገንዳውን መብራት ሱቁ እስኪዘጋ፣ ከጠዋት እስከ ማታ 3 ሰዓት አበራለሁ። አልጌ ደግሞ ሌላ ምን ይፈልጋል? በሩ ላይ መጋረጃ ሰቀልኩ፣ መብራቱን በቀን ለ7 ሰዓታት ብቻ አደረግኩት። ምላጩን አሁን በሦስት ሳምንት አንዴ ነው የማወጣው።

«መስታወት የሚልስ አሳ ግዛ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሱቅ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የሚሸጠው ያ በአፉ የሚለጠፈው አሳ ሲያድግ ከ30 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። 35 ወርድ ያለው ገንዳ ውስጥ ሲዞር አስቡት። የእኛም አገር ወንዞች የራሳቸው ላሽ አላቸው። ጋራ የሚባሉ ትንንሽ አሳዎች ናቸው፣ አፋቸው ከሥር ነው፣ ድንጋይ ላይ ተለጥፈው አልጌ ይፍቃሉ። የአንዱ ሳይንሳዊ ስም ጋራ ደምቤንሲስ ነው፣ ከጎንደሯ ደምቢያ የመጣ ስም። ይኼን ለአንድ የጎንደር ልጅ ደንበኛዬ ስነግረው ፂሙን ሳልጨርስ ከወንበሩ ሊነሳ ነበር፣ ደስ ብሎት። ከወንዝ ላምጣልህም አለኝ። እነሱ የሚሮጥ ውሃ የለመዱ ናቸው፣ እዚህ ምን ይሆናሉ ብዬ እምቢ አልኩ።

ጭረቱን ለማጥፋት ሞክሬያለሁ። የጥርስ ሳሙና ያጠፋዋል አሉኝና ውሃ አጉድዬ ግማሽ ሰዓት አሸሁት። ሱቁ ሚንት ሚንት ሸተተ እንጂ ጭረቱ ንቅንቅ አላለም። መስታወት አለስላሾች ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባል ዱቄት አላቸው፣ ስስ ጭረት ያነሳል። የእኔ ግን ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ነው። እሱን ለማንሳት ዙሪያውን መብላት ያስፈልጋል፣ ከዚያ መስታወቱ ጎድጉዶ አሳውን አጣሞ ያሳያል። ገንዳው ሲሞላ ጭረቱ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ውሃው ስለሚሞላው። ሲጎድል ይጎላል።

በየወሩ አባቱ የሚያመጣው አንድ የ 6 ዓመት ልጅ አለ። ቶንዶስ ይፈራ ነበር። አንድ ቀን ጭረቱን አየና «ጨረቃ!» አለ። እውነትም ጎባጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ጨረቃዋ የምትታይበት ወንበር ካልሆነ አይቀመጥም። በግድግዳው መስታወት ውስጥ ሲያያት ደግሞ ወደ ሌላ ጎን ትዞራለች፣ ለምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ አስረድቼዋለሁ።

ባለፈው ሲመጣ ጭንቅላቱን ከእጄ ውስጥ አዞረና «ዛሬ ጨረቃዋ አረንጓዴ ናት» አለኝ። ሄጄ አየሁ። አልጌው የተጠረገውን ሜዳ ትቶ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ በቅሏል። እዚያ ጨርቅም ካርድም ምላጭም አይደርስም። የልጁን አንገት ጠርጌ ጨረስኩና የጥርስ ብሩሹን ፍለጋ መሳቢያ ከፈትኩ።