ሦስት ኩንታል ጤፍ

በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግንባታ ዕቃዎች መሸጫ ውስጥ ለአሥራ አንድ ዓመታት ገቢና ወጪ ስመዘግብ ቆይቻለሁ። ከሥራው የቀሰምሁት አንድ ልማድ አለ፤ ማታ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ የቤቴን ሂሳብ በአንዲት ባለ መስመር ደብተር ላይ እሠራለሁ። የቤት ኪራይ፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ ከሰል፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእድር መዋጮና ለእናቴ የምልከው ገንዘብ በአንድ በኩል ይሰፍራሉ፤ ደመወዜና ባለቤቴ ከልብስ ስፌት የምታገኘው ደግሞ በሌላ በኩል። ልዩነቱ ከወር ወር ከፍ ዝቅ ቢልም እምብዛም አይተርፍም።

ለብዙ ጊዜ ይህን የሌሊት ሥራ እንደ ኃላፊነት ስቆጥረው ኖሬአለሁ፤ የቤት አባወራ ያለውንና የሌለውን ማወቅ አለበትና። ነገር ግን በሙያዬ የማውቀውን ቀላል ነገር በቤቴ ዘንግቼው ነበር። በትክክል የተደመረ ቁጥር ሁለተኛ ቢደመር ያው ነው፤ እኔ ግን በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ እደምረው ነበር። የመጀመሪያው ድምር በእርግጥም ሂሳብ ነው። የቀሩት ሦስቱ እርሳስ የያዘ ፍርሃት እንጂ ሌላ ስም የላቸውም፤ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ይከተላል።

አሁን ዘመነ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት ቤተ ክርስቲያናችን የእመቤታችንንና የልጇን ስደት እያሰበች ማኅሌተ ጽጌ ትቆማለች፤ ስለ ሰማይ ወፎችና ስለ ሜዳ አበቦች የሚናገረው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ክፍልም በዚህ ወቅት ይነበባል። «ወደ ሰማይ ወፎች ተመልከቱ፤ አይዘሩም አያጭዱምም በጎተራም አይከቱም» የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ለረጅም ዓመታት ሐሳብ የሌለበት ሰው የተናገረው ይመስለኝ ነበር። ወፍ የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ የሜዳ አበባም የደንብ ልብስ አይገዛም።

ሐሳቤን መቀየር የጀመርሁት ቃሉ ለማን እንደተነገረ ሳስተውል ነው። በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎ አባታችን ሆይ የምንለው ጸሎት ይገኛል፤ በግዕዙ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» እንላለን። የሚለመነው የዕለት ነው፤ የወርም የዓመትም አይደለም። ጌታችንን ከበው ይሰሙት ከነበሩት ብዙዎቹ ነገን የሚያስተማምን ነገር በእጃቸው የሌላቸው ሰዎች እንደነበሩ አምናለሁ፤ በምዕራፍ 20 ላይ በምሳሌ የቀረቡት ሠራተኞች ለአንድ ቀን አንድ ዲናር ተስማምተው ወይን ቦታ የሚገቡ ናቸው፤ ቀጣሪ ያላገኙትም እስከ አሥራ አንደኛው ሰዓት በአደባባይ ቆመው ይጠብቃሉ። እኔ እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። በየማለዳው ሱቃችን ደጃፍ ላይ አካፋና ዶማቸውን ይዘው፣ ከጦሳ የሚወርደውን ብርድ በጋቢ እየተከላከሉ፣ ሲሚንቶ የሚያስጭን ሰው ይጠባበቃሉ። «ለነገ አትጨነቁ» የተባለው ለእነርሱ ዓይነት ሰው ከሆነ፣ ተናጋሪው ችግርን የማያውቅ ሊሆን አይችልም።

ይህን በንባብ ከመረዳቴ በፊት ግን በሌላ መንገድ ደርሶብኛል። በ2014 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ጦርነቱ በሰሜን ወሎ በኩል እየቀረበ መሆኑ ሲሰማ፣ ያጠራቀምነውን ገንዘብ በሙሉ አውጥቼ ሦስት ኩንታል ጤፍ ገዛሁ። ከሥሩ ሳንቃ አንጥፌ ጓዳ ውስጥ ደረደርሁት፤ ለበሩም አዲስ ቁልፍ አስገጠምሁ። ሰኔ ድረስ እንደሚያደርሰን በደብተሬ አሰላሁ፤ ማታ ከመተኛቴ በፊትም ወደ ጓዳ ገብቼ ጆንያዎቹን በእጄ ዳበስ አደርግ ነበር። ባለቤቴ በዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ትስቅብኛለች።

ጥቅምት 20 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከቤት ስንወጣ የያዝነው ሁለት ፌስታል ልብስ፣ ጥቂት በሶና ሦስቱን ልጆች ብቻ ነበር። ሐረጎን ከሕዝቡ ጋር በእግር ወርደን ኮምቦልቻ ደረስን፤ ከዚያም አንድ አይሱዙ በጭነቱ ላይ አሳፈረን። ማኅሌተ ጽጌ የሚቆምበት ሌሊት ነበር፤ እኛ ግን በሸራ ሥር ተጠቅልለን ወደ ደቡብ እንጓዝ ነበር። የቤቱ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ በየመንገዱ መታጠፊያ ጭኔን በወጋኝ ቁጥር ጤፉን አስብ ነበር። ሕፃን ልጄ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ስለ እህል ማሰቤን ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ንጋት ነበር፤ መሬቱ አመዳይ ለብሶ ነበር። ከመኪናው እንደወረድን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከአጥራቸው ብቅ ብለው «ኑ ግቡ እንጂ ልጆቼ፣ ምን ያስቆማችኋል፤ ሕፃኗን ብርድ መታት እኮ» አሉን። ማን እንደሆንን አልጠየቁንም። በእኚህ እናት ቤት ከአርባ ቀናት በላይ ኖርን። ጎተራ የላቸውም፤ ጆንያ እህልም በቤታቸው አላየሁም። በየሁለት ቀኑ ወፍጮ ቤት ሄደው ዱቄት በኪሎ እየገዙ፣ ለአራት ሰው የነበረውን ሊጥ ለዘጠኝ አፍ ያደርሱት ነበር። እኔ የለመድሁትን ሂሳብ በልቤ ብሠራም ቀመሩ አልመጣልኝም፤ ዱቄቱ ባለቀ በማግስቱ ሁልጊዜ ሌላ ዱቄት ነበር። አንድ ቀን ከአንድ ዘመዳቸው፣ አንድ ቀን ከሰበካ ጉባኤ፣ አንድ ቀን ደግሞ እኔ ራሴ ድንጋይ በማውረድ ካገኘሁት የቀን ሥራ። ኤልያስ በሰራፕታ ያረፈባት መበለት ማድጋ እንዴት እንዳልጎደለ በመጽሐፈ ነገሥት ሳነብ ዱቄቱ ከሰማይ ሲወርድ ነበር የሚታየኝ፤ ከደብረ ብርሃን ወዲህ ግን ከፌስታል ሲገለበጥ ይታየኛል።

ከተማችን ኅዳር 27 ቀን ከተለቀቀች በኋላ ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። የጓዳው በር ተገንጥሎ ነበር፤ ሦስቱም ጆንያ የለም። ማን እንደወሰደው አልጠየቅሁም፤ ምናልባትም የተራበ ጎረቤት ይሆናል። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ጥቂት ፍሬ ቀርቶ ነበር፤ እርሱንም በተሰበረው መስኮት የገቡ ድንቢጦች እየለቀሙት ደረስን። ባለቤቴ ቆማ ካየቻቸው በኋላ «አይዘሩም፣ አያጭዱም» አለችኝ፤ «አንተ እያለህላቸው ለምን ይደክማሉ?»

በዘጸአት ምዕራፍ 16 ለነገ ብለው ያሳደሩት መና ትል እንዳወጣና እንደሸተተ ተጽፏል፤ ያን ቀን ትዝ ያለኝ እርሱ ነው። ቢሆንም ከዚህ ተነስቶ «እህል መግዛት ኃጢአት ነው» የሚል ቢኖር አልስማማም፤ በዚያው ምዕራፍ ለሰንበት ብለው በስድስተኛው ቀን እጥፍ የሰበሰቡት ሳይበላሽ አድሯል። ዮሴፍም በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ አከማችቷል፤ ምሳሌም ሰነፉን ሰው ወደ ገብረ ጕንዳን ይልከዋል። ጥፋቴ ጤፉን መግዛቴ አልነበረም። ዮሴፍ ያከማቸው የተራበ ሁሉ መጥቶ እንዲሸምት ነው፤ እኔ ግን አዲስ ቁልፍ ያስገጠምሁት እማማ፣ አከራያችን፣ እንኳ እንዳያዩት ብዬ ነው።

ወሎ ውስጥ ሆኖ ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር ዘልሎ ማለፍ አይችልም። አያቴ 66ንም 77ንም አይተዋል። ሌማት ላይ የቀረች ፍርፋሪ ሲጣል ካዩ በጣታቸው አንስተው ስመው ይበሏት ነበር። ከእርሳቸው እንደሰማሁት፣ በመንገድ ዳር የወደቁት ሰዎች ሲጸልዩ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሲሳየነ ያሉ፣ ዱዓ ያደረጉ። እነዚያ ሰዎች የሞቱት እምነት ጎድሏቸው ነው የሚል ስብከት ብሰማ ተነሥቼ እወጣለሁ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን የ66ቱን የወሎ ረሃብ ሲመረምር፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ ከወሎ ወደ ውጭ የተጫነ እህልም እንደነበረ አሳይቷል፤ ገበሬው ሰብሉ ሲከሽፍበት እህሉን ብቻ ሳይሆን የሚሸምትበትንም አቅም አጥቶ ነበር። ይህን ሳነብ እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ደነገጥሁ። ሰው በተራበባት ከተማ ገበያ ውስጥ እህል በቁና እየተሰፈረ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ «የሰማዩ አባታችሁም ይመግባቸዋል» የሚለውን ሳነብ የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 2 አብሬ አነባለሁ፤ የዕለት ምግብ ላጣ ወንድም «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ምንም ሳይሰጥ የሚያሰናብተውን ሰው። ጠግቦ ላደረ ሰው «አትጨነቅ» ማለት ይቀለዋል፤ ለተራበ ሰው ሲናገረው ግን እጁ ባዶ ባይሆን ይመረጣል።

እማማ ሙስሊም ናቸው። ከስደት በተመለስን ሰሞን ቡና አፍልተው ጠሩን፤ በረካው ሲቀዳ የሦስት ወር ኪራይ እንደማይቀበሉን ነገሩን። እኔ በኀፍረት ስለ ጤፉና ስለ ቁልፉ ስነግራቸው «ሪዝቅህን ማን ይበላብሃል ልጄ?» አሉኝ፤ ቀጥለውም ግመሉን ሳያስር «በአላህ ተመክቻለሁ» ላለው ሰው ነቢያቸው «እሰራትና ተመካ» እንዳሉት አጫወቱኝ። ቁልፉም ጤፉም ክፉ አልነበሩም ማለታቸው መሰለኝ። ስለ እኔ ካሰብሁት በላይ አዝነውልኛል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዳንሁ ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የብረትና የቆርቆሮ ዋጋ ዝርዝራችንን በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ቀየርሁት። እነዚያን ሌሊቶች እንደገና አራት አራት ጊዜ ደመርሁ፤ ባለቤቴ ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ከትራሷ ሥር እስክታደርገው ድረስ። አሁን ያለን ስምምነት፣ አንድ ጊዜ እደምራለሁ፣ የጎደለውን እጽፋለሁ፣ ደብተሩን ለእርሷ እሰጣለሁ፣ ከዚያም አቡነ ዘበሰማያት እንላለን። አንዳንድ ሌሊት «ዘለለ ዕለትነ» የሚለው ላይ ስደርስ ልቤ ወደ ወሩ መጨረሻ ይሸሻል፤ ያን ጊዜ ከመጀመሪያው እንደገና እጀምራለሁ።

የዚህ ወር ጉድለት ከፍ ያለ ነው፤ ትልቁ ልጃችን የደንብ ልብስ አልተገዛለትም፤ የኪራዩም ቀን ቀርቧል። ትናንት ማክሰኞ፣ በየዓመቱ በዘመነ ጽጌ እንደማደርገው፣ ደብረ ብርሃን ላስጠጉን እናት ደወልሁ። እማዬ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ሁልጊዜ የሚጠይቁትን ጠየቁኝ፤ «ጤፍ አላችሁ?»

«እስከ ሐሙስ ይደርሳል» አልኋቸው።

«ገና ማክሰኞ አይደል እንዴ?» አሉኝና ዘንድሮ ውርጩ ስለ ፈጀባቸው ባቄላ ያወጉኝ ጀመር።