ለጓሮ ኩሬ መብራት ከመግዛታችሁ በፊት (ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ)

ሜሪላንድ ወይም ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ሰፊ ጓሮ ያለው ቤት ከገዛችሁ፣ ኩሬ ለመቆፈር አስባችሁ ወይም የቀድሞው ባለቤት ትቶት የሄደውን ከነኮይ አሳው ተረክባችሁ ሊሆን ይችላል። በሰመር እንግዳ መጥቶ ዴኩ ላይ ቡና የሚፈላው ፀሐይ ከበረደች በኋላ ነው። ከመሸ ደግሞ ኩሬው አይታይም። ሰው ይሄኔ ሱቅ ይሄድና 12 መብራት የያዘ ካርቶን ገዝቶ ውሃውን ዙሪያውን ይደረድረዋል። ከዚያ በኋላ ከዴኩ የሚታየው ዓይን የሚወጉ 12 አምፖሎች እንጂ ኩሬው አይደለም።

ሥራው የሚጀመረው ከመቀመጫው ነው። ማታ የምትቀመጡበትን ቦታና ከኩሽና መስኮት ኩሬው የሚታይበትን አቅጣጫ ለዩ። ከእነዚያ ቦታዎች ሆኖ የማንኛውም መብራት መስታወት በቀጥታ መታየት የለበትም። ስለዚህ የውሃ ውስጥ መብራት የሚቀመጠው በእናንተ በኩል ባለው የኩሬ ግድግዳ እርከን ላይ፣ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ነው። ማዶ ቢተከልና ወደ እናንተ ቢያይ ግን አሳውን ሳይሆን አምፖሉን ስታዩ ታመሻላችሁ።

ቀጥሎ መወሰን ያለበት፣ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ማታ ማየት የምትፈልጉት የውሃውን ውስጥ ነው ወይስ ውሃው ላይ የሚያርፈውን የዛፍና የድንጋይ ምስል? ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሆኑም። ማዶ ያለ ዛፍ ከሥሩ ወደ ላይ ሲበራና ውሃው ጨለማና የረጋ ሲሆን፣ ዛፉ ተገልብጦ ኩሬው ላይ ይታያል። የውሃ ውስጥ መብራት በበራ ቅጽበት ያ ምስል ይጠፋል። መልሱ ሁለቱን ቡድኖች በተለያየ ማብሪያ ማጥፊያ መለየት ነው። አንድ ብቻ ምረጡ ከተባለ የእኛ ምርጫ የዳሩ መብራት (ዛፉንና ድንጋዩን ከውጭ የሚያበራው) ነው፤ ዋጋው ያንሳል፣ ለማጽዳትም ውሃ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ውሃችሁ ጥርት የማይል ከሆነማ ምርጫም የለውም። የውሃ ውስጥ መብራት ደፍራሽ ውሃ ውስጥ የሚያሳየው ተንሳፋፊውን ብናኝ ነው፤ መጀመሪያ ፊልተሩ ይስተካከል።

ምንም ሳትገዙ መሞከር ትችላላችሁ። ጠንካራ የእጅ ባትሪ በዚፕ ፕላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ፣ ማታ ላይ አንድ ሰው እርከኑ ላይ እያዘዋወረ ይያዘው፤ ሌላው ዴኩ ላይ ተቀምጦ ይመልከት። ለዛፉና ለፏፏቴውም እንዲሁ። ጥሩ ሆኖ የታየበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። 20 በ30 ጫማ (6 በ9 ሜትር ገደማ) የሆነ፣ አንድ ጫፍ ላይ ፏፏቴ ያለው ኩሬ እንውሰድ። ፏፏቴው ውሃ ላይ በሚወድቅበት ቦታ ሥር ባለ 4 ዋት ሁለት መብራት ወደ ላይ አዙሩ፤ ሞገዱ ብርሃኑን ድንጋዩ ላይ ያወዛውዘዋል። እርከኑ ላይ ባለ 5 ዋት ሦስት ይቀመጡ። የውሃው ቡድን በዚህ 23 ዋት ሆነ። በዳሩ በኩል ለዛፍና ለትልልቅ ድንጋዮች ባለ 5 ዋት ሦስት፣ ሰው በሚረግጥበት መንገድና ደረጃ ደግሞ ብርሃኑ ወደ መሬት ብቻ የሚወርድ፣ ከላይ የተሸፈነ ባለ 3 ዋት አምስት። ይህኛው 30 ዋት ነው። ለዚህ ስፋት በድምሩ 13 ኤልኢዲ ይበቃል። የኩሬውን ግማሽ ጨለማ ተዉት፤ አሳውም መሸሸጊያ ይፈልጋል። የብርሃኑ ቀለም ከ2,700 እስከ 3,000 ኬልቪን ያለው ሞቅ ያለው ይሁን። ቀለም የሚቀያይሩት ጓሮውን የሰርግ አዳራሽ ያስመስሉታል፤ አረንጓዴው ደግሞ ንጹሕ ውሃን አልጌ የያዘው ያስመስለዋል።

እነዚህ ሁሉ በ12 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ የቤቱን 120 ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋቸዋል። ትራንስፎርመር ከአቅሙ 80 በመቶ በላይ አይጫንም፤ ባለ 60 ዋቱ ማለት 48 ዋት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ባለ 60 ዋት ብትገዙ የማብሪያው ጉዳይም አብሮ ይፈታል፣ በኋላ ሁለት ሦስት መብራት ለመጨመርም ቦታ ይኖራል። ካርቶኑ ላይ የመብራቱ ፍጆታ በቪኤ (ቮልት አምፔር) ተጽፎ ካገኛችሁ የምትደምሩት እሱን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዋቱ ከፍ ይላል። ከአገር ቤት ወይም ከአውሮፓ የመጣ የ220 ቮልት ትራንስፎርመር እዚህ 120 ላይ ሲሰካ ከሚያስፈልገው ግማሹን ያህል ብቻ ነው የሚያወጣው፤ አታስቡት።

ኬብል ላይ አገር ቤት የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቅ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። እዚያ ባለ 2.5፣ ባለ 4 ስንል ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው ይወፍራል። የአሜሪካው የሽቦ ውፍረት መለኪያ፣ ጌጅ፣ ግን በተቃራኒው ነው፤ 12 ጌጅ ወደ 3.3 ስኩዌር ሚሊ ሜትር፣ 16 ጌጅ ግን 1.3 ብቻ ነው። ርካሹ ካርቶን ውስጥ ብዙ ጊዜ ቀጭኑ ነው ያለው። ቮልቱ ትንሽ ሲሆን ርቀት ክፉኛ ይጎዳዋል። 53 ዋቱን በሙሉ በአንድ 12 ጌጅ መስመር 100 ጫማ (30 ሜትር) ብትወስዱት መጨረሻው ላይ የሚደርሰው 10.6 ቮልት አካባቢ ነው። ለሁለት ሲከፈል ግን የውሃው ቡድን 11.4፣ የዳሩ 11.2 ቮልት ያገኛል። የመጨረሻዎቹ መብራቶች ከመጀመሪያዎቹ ደብዘዝ ካሉ፣ አምፖል ከመቀየራችሁ በፊት እዚያው ጫፍ ላይ ቮልቱን ለኩ።

ከመቆፈራችሁ በፊት ጥቂት የሥራ ቀናት አስቀድማችሁ የተቀበሩ መስመሮችን ወደሚያሳየው አገልግሎት፣ 811፣ ደውሉ፤ ነጻ ነው። መጥተው ኤሌክትሪኩን በቀይ፣ ጋዙን በቢጫ፣ የመጠጥ ውሃውን በሰማያዊ፣ ስልክና ኢንተርኔቱን በብርቱካናማ ቀለም ያሰምሩላችኋል። ከቆጣሪ ወዲህ ያለውን የግል መስመር ግን አያሰምሩም፤ ወደ ግሪል የሚሄደው ጋዝ፣ የቀድሞው ባለቤት ለፓምፑ የቀበረው ሽቦ የእናንተ ጉዳይ ነው። የ12 ቮልት ኬብል ቢያንስ 6 ኢንች (15 ሴንቲ ሜትር) ይቀበራል። አካፋ በሚያርፍበት የአበባ መደብ ውስጥ በፕላስቲክ ቱቦ ቢገባ ይሻላል። ሰፈራችሁ ኤች.ኦ.ኤ. (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ካለው፣ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የጎረቤት መኝታ ቤት መስኮት ላይ የሚያርፍ ብርሃን ከሁሉ ቀድሞ አቤቱታ ያስነሣል።

ውጭ ያለው ሶኬት ጂ.ኤፍ.ሲ.አይ. መሆን አለበት። ይህ ሶኬት 5 ሚሊ አምፔር አካባቢ ሲፈስ የሚቆርጥ ነው፤ ሰው ውሃ ውስጥ እጁን ሲያስገባ የሚያድነው እሱ ነው። በወር አንዴ የመፈተሻ ቁልፉን ተጫኑ። ሶኬቱ ሲሰካም የሚዘጋ ክዳን ይኑረው። ትራንስፎርመሩ ከውሃው ዳር ቢያንስ 10 ጫማ ርቆ፣ ከመሬት 1 ጫማ ከፍ ብሎ ይሰቀል። አዲስ የ120 ቮልት መስመር ከፓኔሉ መሳብ ካስፈለገ፣ ያ የኤሌክትሪክ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሥራውንም ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሻን ስጡት። ቅዳሜ መጥቶ የሚሠራ ዘመድ የ12 ቮልቱን ይዘርጋ፤ እዚህኛው ላይ ግን አይግባ። ዓመቱን ሙሉ ሣር ላይ የተዘረጋ ኤክስቴንሽንም መስመር አይባልም።

ውሃ ውስጥ የሚገባው መብራት አይፒ68 የሚል ይሁን (አይፒ ዕቃው ውሃና አቧራ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚናገር ደረጃ ነው)፣ ስንት ጥልቀት እንደሚችልም ይጻፍበት። አይፒ65 ዝናብ ይችላል እንጂ መጠመቅ አይችልም። ኬብሉ ላይነሩን (ውሃ እንዳይሰርግ ኩሬው ውስጥ የተነጠፈውን ላስቲክ) በስቶ አይወጣም፤ በኩሬው አፍ ላይ፣ በድንጋይ ተሸፍኖ ይወጣል። እያንዳንዱ መብራት ሥር 5 ወይም 6 ጫማ ትርፍ ኬብል ጠቅልላችሁ ተዉ፤ ለማጽዳት መብራቱን ብቻ ወደ ዳር ትስቡታላችሁ። መቀጠያው ከውሃ ውጭ፣ ጄል ባለው ማያያዣ ይሁን። ተራ ማያያዣ በፕላስተር ተጠቅልሎ የሚከርመው እስከ መጀመሪያው ከባድ ዝናብ ነው። ከዚያ ሽቦው አረንጓዴ ይዝግና መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል።

ሶኬቱ ደጋግሞ የሚቆርጥ ከሆነ ትራንስፎርመሮቹንም ፓምፑንም ንቀሉና አንድ በአንድ መልሱ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ያረጀ ፓምፕ ነው። ከቤቱ ጋር የመጣው መብራት ሃሎጅን ከሆነ፣ የሚቀዘቅዘው በውሃው ስለሆነ ውሃው ሲጎድል መስታወቱ ይሰነጠቃል። አምፖሉን በኤልኢዲ ስትተኩ አሮጌው ትራንስፎርመር የኤሌክትሮኒክስ ዓይነት ከሆነ፣ ጭነቱ አንሶት ሊያብለጨልጭ ይችላል። ጨለማ ሲሆን የሚያበራውን ሴንሰር ደግሞ የራሱ መብራት በማያገኘው ቦታ ስቀሉት፤ አለዚያ ሌሊቱን ሲበራና ሲጠፋ ያድራል። ዴኩ ሥር ጥላ ውስጥ ካደረጋችሁት በቀትርም ያበራል። የፀሐይ ኃይል መብራቶች ለመንገድ ዳር ይሆናሉ፤ ለውሃ ውስጥ ገንዘብ አታባክኑ።

ማብሪያው ሲመሽ በርቶ ከሌሊቱ 4 ወይም 5 ሰዓት (በፈረንጁ 10 ወይም 11) ላይ እንዲጠፋ ይሞላ። ኮይ ሌሊት ጨለማ ይፈልጋል። መስታወቱ ላይ በሰመር አልጌ ቶሎ ስለሚይዝ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ በለስላሳ ብሩሽ፣ ሳሙና ሳትነኩ፣ ሁሉንም ነቅላችሁ አጽዱ። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት (ፎል) የኦክ ቅጠል ውሃውን ቡና ዓይነት ያደርገዋል፤ መብራት ከማብዛት ቅጠሉን በመረብ ማውጣት ይቀላል። ክረምት ሳይገባ ከውሃው ገጽ አጠገብ ያሉትን መብራቶች ከእርከኑ አንሡና ወደ ጥልቁ አውርዷቸው ወይም አውጥታችሁ ጋራዥ አስገቧቸው፤ በረዶ የሚጨፈልቀው ከላይ ያለውን ነው።