ሦስት ስዊቾችን በሦስት ማዕዘን ሳገናኝ የተማርኩት

በስዊቾች (ኮምፒውተሮችን በኬብል በሚያገናኙ መሣሪያዎች) መካከል መረጃ በቀለበት እንዳይዞር ትርፉን መስመር ስለሚዘጋው ስፓኒንግ ትሪ ፕሮቶኮል ካነበብኩ ቆይቻለሁ፤ የመንገዶቹ ስሌት መነሻ የሚሆነውን ስዊች፣ ማለትም ሩት ብሪጁን፣ ራሳችን መምረጥ ለምን ግድ እንደሆነ በደንብ የገባኝ ግን በዚህ ሳምንት ሦስት ስዊቾችን በሦስት ማዕዘን አገናኝቼ ስለማመድ ነው። ሁለቱ ጊጋቢት ስዊቾች ናቸው፤ ሦስተኛው ፖርቶቹ ሁሉ 100 ሜጋቢት የሆኑ አሮጌ ስዊች ነው።

በመጀመሪያ ፕሮቶኮሉን አጥፍቼ ሦስተኛውን ኬብል ስሰካ፣ ከአንድ ኮምፒውተር የወጣ የኤአርፒ ጥያቄ (የሌላ ኮምፒውተርን አድራሻ ለማወቅ ለሁሉም የሚላክ መልእክት) በቀለበቱ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ ይዞር ጀመር። የአይፒ ፓኬት በራውተር ባለፈ ቁጥር የሚቀንስ ቆጣሪ አለው፤ ፓኬቱን ተሸክሞ በስዊቾች የሚያልፈው የኢተርኔት ፍሬም ግን ይህ ስለሌለው ኬብሉ እስኪነቀል ድረስ ከመዞር የሚያግደው ነገር የለም። መብራቶቹ ያለ ፋታ ብልጭ ድርግም ሲሉ ግንኙነቱን ለመፈተሽ የምልከው ፒንግ ፈጽሞ ተቋረጠ። ይህን ሙከራ ከሥራ ኔትወርክ በተለዩ መሣሪያዎች ላይ ብቻ እንድታደርጉት አደራ እላለሁ።

ፕሮቶኮሉን መልሼ ሳበራው ይህ የመልእክት ማዕበል ቆመ፤ ያስገረመኝ የተዘጋው መስመር ነው። የሦስቱም ስዊቾች የቅድሚያ ቁጥር ከፋብሪካ እንደወጡ 32768 ስለነበረ ሩት የሚሆነው (አነስተኛ ቁጥር ያለው ነው) በማክ አድራሻ፣ ማለትም በመሣሪያው የፋብሪካ መለያ፣ ተለየ፤ አነስተኛው አድራሻ ደግሞ የአሮጌው ስዊች ነበር። ከእያንዳንዱ ጊጋቢት ስዊች ወደ እርሱ በቀጥታ የሚወስደው መንገድ ዋጋው (ፈጣን መስመር አነስተኛ ዋጋ አለው) 19 ሲሆን፣ በሌላኛው ስዊች በኩል ቢዞር የጊጋቢቱ መስመር 4 ተጨምሮበት 23 ይሆናል። ሁለቱም ቀጥታውን ስለመረጡ በመካከላቸው ያለው ፈጣን መስመር በአንድ ጫፉ ተዘጋ፤ እርስ በርስ የሚለዋወጡት መረጃም ሁሉ በአሮጌው ስዊች በኩል በ100 ሜጋቢት ያልፍ ጀመር። ፕሮቶኮሉ አልተሳሳተም፤ የሚያሰላው ወደ ሩቱ የሚያደርሰውን አጭር መንገድ እንጂ እኔ በብዛት የምጠቀምበትን መስመር አይደለም። ከጊጋቢት ስዊቾቹ የአንዱን ቁጥር ወደ 4096 ዝቅ ሳደርገው ሩት ሆነ፤ የተዘጋውም አሮጌው ስዊች ከሌላኛው ጊጋቢት ስዊች ጋር የሚገናኝበት ፖርት ሆነ።

ቀጥሎ ከሩቱ ወደ አሮጌው ስዊች የሚሄደውን ኬብል ነቅዬ ጊዜውን ለካሁ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ከነደፉት አሠራር በወጣው በመጀመሪያው የፕሮቶኮሉ መስፈርት፣ በ802.1ዲ፣ ተዘግቶ የነበረው ፖርት 15 ሰከንድ በማዳመጥ፣ 15 ሰከንድ ደግሞ አድራሻ በመማር ስለሚቆይ ፒንጉ ለ30 ሰከንድ ያህል ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2001 በጸደቀው ፈጣኑ 802.1ደብልዩ ግን ተለዋጩ ፖርት አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ተመለሰ። ሆኖም ኮምፒውተር የሚሰካበት ፖርት የጠርዝ ፖርት (ሌላ ስዊች የማይሰካበት) መሆኑ ካልተነገረው በፈጣኑም ቢሆን 30 ሰከንድ ያስጠብቃል፤ ስለዚህ እነዚህን ፖርቶች ያለ ጥበቃ ወዲያው ሥራ በሚያስጀምረው ቅንብር፣ በፖርትፋስት፣ አዋቅሬ፣ አንድ ሰው በስህተት ስዊች ቢሰካባቸው እንዲዘጉ ቢፒዲዩ ጋርድ የተባለውን መከላከያ ጨመርኩባቸው።