አቦሉን ተውኩት፣ በረካውን አልተውኩም

ነገሩ የገባኝ ባለፈው ስቅለት ዕለት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ስንሰግድ ዋልን። ስድስት ሰዓት ገደማ ራሴን ከግራና ከቀኝ ጨምቆ ያዘኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ፤ ማዛጋቱ ደግሞ አፌን አላስገጥም አለኝ። አጠገቤ የነበሩት ጎረቤቴ እማማ "ስግደቱ ነው ልጄ፣ ነጠላሽን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው" አሉኝ። አሰርኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። ማታ ቤት ገብቼ እህል ቀመስኩ፣ ውሃም ጠጣሁ፤ ራሴ ግን እንዳለ ነው። ከዚያ ቡና ተፈላ። አቦሉን ጠጥቼ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የሕመሙ ድራሹ ጠፋ።

ለዓመታት "ጾም ራሴን ያመኛል" ስል ነው የኖርኩት። ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር የማማርረው ባዶ ሆዴን ነበር። ያን ቀን ማታ ግን እህል ያላስታገሰውን ሕመም አንድ ሲኒ ቡና ሲያስታግሰው አየሁና ደነገጥኩ። ጾሙን ያለ ጥፋቱ ስወቅሰው ኖሬያለሁ።

የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ መሀል ከተማ፣ ሒሳብ ክፍል። እዚህ የሚኖር ሰው ያውቀዋል፣ ሥራ በሰዓቱ ለመድረስ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል መነሳት አለብኝ፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሰልፍ ይዤ ካልተገኘሁ ቀኑ ተበላሸ ማለት ነው። እንቅልፍ ሁልጊዜ ያጥረኛል። ያጠረኝን የምሞላው በቡና ነበር። ቡናው ደግሞ ማታ እንቅልፌን ይወስድብኛል፣ ጠዋት ደክሞኝ እነሳለሁ፣ እንደገና ቡና። ዙሩ ይኸው ነው።

ከፋሲካ በኋላ መጀመሪያ ያደረግኩት መቁጠር ነው። ምንም ሳልቀንስ ለአንድ ሳምንት የጠጣሁትን በትንሽ ደብተር ጻፍኩ። ከዚያ በፊት ብትጠይቁኝ "በቀን አራት ሲኒ" እል ነበር፣ ከልቤ አምኜ። ደብተሩ ሌላ ነገር አሳየኝ። ጠዋት ቤት ሁለት ሲኒ፣ ቢሮ እንደደረስኩ አንድ ማኪያቶ፣ ከምሳ በኋላ ከቢሮው ሥር ካለችው ልጅ ጀበና ቡና ሁለት ሲኒ፣ አሥር ሰዓት ላይ ሌላ ማኪያቶ፣ ማታ እማማ ቤት ከአቦል እስከ በረካ ሦስት። ዘጠኝ! መቀነስ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ያልቆጠርነውን መቀነስ አንችልም።

ከዚያ ቡና ውስጥ ስላለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ስለ ካፌይን ማንበብ ጀመርኩ። እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። አንጎላችን ሲሠራ ሲውል አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር እየተጠራቀመ ይሄዳል። ይህ አዴኖሲን መቀበያው ላይ ሲቀመጥ ድካምና እንቅልፍ ይሰማናል። ካፌይን ቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል መቀመጫውን ቀድሞ ይይዝበታል፤ አውቶቡስ ላይ ወንበሩን በቦርሳ ይዞ ሌላውን እንደሚያስቆም ሰው ማለት ነው። ድካሙ አልጠፋም፣ ቆሞ እየጠበቀ ነው። አንጎል ደግሞ ዝም አይልም። በየቀኑ ካፌይን ሲመጣበት ተጨማሪ መቀመጫ ያበጃል። ለዚህ ነው ድሮ በአንድ ሲኒ የሚነቃ ሰው ውሎ አድሮ ሦስት የሚያስፈልገው። አንድ ቀን ቡናው ሲቀር እነዚያ ሁሉ መቀመጫዎች ባዶ ይሆናሉ፣ የቆመው አዴኖሲን በሙሉ ይሰፍርባቸዋል። ማዛጋቱ፣ መነጫነጩ፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ማለቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ራስ ምታቱም የዚሁ አካል ነው፤ ካፌይን የአንጎልን የደም ሥሮች ያጠባል፣ ሲቀር መልሰው ይሰፋሉ።

ይህ ስም ያለው ነገር መሆኑም አጽናናኝ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ መመሪያ ላይ ካፌይን ማቋረጥ የሚያመጣው ሕመም ተመዝግቧል። ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ሲኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በአንድ ወይም ሁለት ቀን ውስጥ ይብሳል፣ እስከ ዘጠኝ ቀን ሊቆይ ይችላል። የስቅለት ዕለት ከዚህ ጋር ቁጭ ይላል። የመጨረሻዋን ሲኒ የጠጣሁት ሐሙስ ማታ ነበር።

ይህን ሁሉ አውቄም የመጀመሪያ ሙከራዬ ከሸፈ። ሰኞ ዕለት በአንዴ አቆምኩ። ከሰዓት በኋላ ራሴ ጀመረው። ማክሰኞ ያው ስቅለት ተመልሶ መጣ። አንድ ሒሳብ ሦስት ጊዜ ደምሬ ሦስት የተለያየ መልስ አገኘሁ፤ ማታ ልጄ ስለ ቤት ሥራዋ ብትጠይቀኝ ጮህኩባት። አሁንም ትዝ ሲለኝ ያመኛል። የራስ ምታት ክኒን ገዝቼ ዋጥኩ፣ ወዲያው ሻል አለኝ። በነጋታው ልደግም ስሄድ ፋርማሲስቷ "ይሄኛው እኮ ካፌይን አለበት" አለችኝ። ለካ ቡናዬን በክኒን ነበር የወሰድኩት። አንዳንድ የራስ ምታት መድኃኒቶች ካፌይን ይጨመርባቸዋል፣ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። ረቡዕ ማታ የእማማ የቡና ሽታ በደረጃው ሲወጣ ሄጄ ሦስቱንም ጠጣሁ።

ሁለተኛውን ሙከራ በግንቦት ጀመርኩ፣ ይህን ጊዜ በየሳምንቱ አንድ ሲኒ እየቀነስኩ። ከየት ልጀምር ብዬ አስቤበታለሁ። ካፌይን ከደም ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይወስድበታል፤ ከሰው ሰው ይለያያል፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም የወሊድ መከላከያ ክኒን ከምትወስድ ሴት ሰውነት ደግሞ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። በእኔ ኑሮ ልንገራችሁ። ማታ አንድ ሰዓት የጠጣሁት ቡና እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹ ውስጤ አለ፣ ለአውቶቡስ ልሰለፍ ስነሳም ሩቡ ገና አልወጣም። ስለዚህ መጀመሪያ መነካት ያለበት የማታው ነበር።

ግን የማታው ቡና የእማማ ቡና ነው። እዚህ ሰፈር ስንገባ ማንም ማንንም አያውቅም ነበር፤ አንዱ ከአራት ኪሎ፣ አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከካዛንቺስ ተነስቶ የመጣ ነው። ጎረቤት ያደረገን ያ ጀበና ነው። ማን እንደታመመ፣ ውሃ መቼ እንደሚመጣ፣ የማን ልጅ ፈተና እንዳለፈ የምሰማው እዚያ ነው። ከዚያ ከቀረሁ ቡና ብቻ አይደለም የሚቀርብኝ።

መፍትሔው ሲኒው ውስጥ ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከአንድ ዱቄት ነው የሚወጡት፣ በላዩ ላይ ውሃ እየተጨመረ። ካፌይን በሙቅ ውሃ ቶሎ ስለሚሟሟ ብዙው ከአቦሉ ጋር ይወጣል። በረካ የቀጠነው ለምላስ ብቻ አይደለም። እውነቱን ለእማማ ነገርኳቸው። "እማማ፣ አቦሉ እንቅልፍ ነስቶኛል፣ በእርስዎ ከፍቶኝ እንዳይመስልዎት።" ዝም ብለው አዩኝና "ልጄ፣ ምርቃቱ ያለው በረካው ላይ ነው፣ አቦሉማ ለሐራራ ነው። ለምርቃቱ ድረሺ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ልጄን አስጠንቼ፣ ቆሎ ይዤ፣ ዘግየት ብዬ እወጣለሁ። ደብቄ ቢሆን ኖሮ ሰበብ ስፈልግ ወይ እቀየማቸው ወይ ይቀየሙኝ ነበር።

የቀረው ቀለለኝ። የአሥር ሰዓቱን ማኪያቶ መጀመሪያ ወደ ስፕሪስ፣ ቀጥሎ ወደ ሻይ፣ በመጨረሻ ወደ ጦስኝ ቀየርኩት። ሻይም ካፌይን አለው፣ በአብዛኛው ከቡና ያነሰ ነው እንጂ፤ ጦስኝ ግን ሻይ ቅጠል ካልገባበት የለውም። ከምሳ በኋላ ከሁለት ሲኒ ወደ አንድ ወረድኩ፣ በኋላም ተውኩት። ሲቀነስ ቀለል ያለ የራስ ክብደት ይመጣ ነበር፣ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይሄዳል። ውሃ እጠጣለሁ፣ የምሳ ሰዓቴን ግማሽ በእግር እሄዳለሁ። ካፌይን ያለበትን ክኒን አልነካሁም።

ሰኔ 30 ሲቃረብ ወደቅኩ። የበጀት ዓመት መዝጊያ ላይ ቢሮ እስከ ምሽት ሁለት ሰዓት ነበርን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ በቀን ሰባት ሲኒ ደረስኩ። በመጀመሪያው ጊዜ ቢሆን "በቃ አልቻልኩም" ብዬ እተወው ነበር። ደብተሩን ከፈትኩ፣ ሰባት ብዬ ጻፍኩ፣ በሐምሌ 1 ከሰባት ጀመርኩ። ሐምሌ ደግሞ ከባድ ወር ነው፤ የእኛ ሰፈር ብርድና ጭቃ ቡና ቡና ያሰኛል። እንደምንም አለፍኩት።

ቡና መርዝ ነው እያልኩ አይደለም። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2015 እ.ኤ.አ. ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200 ሚሊግራም ካፌይን ችግር እንደማያመጣ ገልጿል። በአንድ ሲኒ ውስጥ ያለው መጠን እንደ አፈላላችን ይለያያልና የእማማን አቦል ከኔ ቀጭን ቡና ጋር እኩል መቁጠር አይቻልም። የልብ ምታችሁ የሚያስቸግራችሁ ወይም መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሐኪም ጠይቁ። እኔ ግን የፈለግኩት ቡናውን ወድጄው እንድጠጣ እንጂ ራስ ምታቱን ፈርቼ እንዳልጠጣ ነው። አሁን ጠዋት አንድ አቦል፣ ማታ አንድ በረካ እጠጣለሁ። አራት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ራሱ ይመጣል።

ነሐሴ ላይ ለፍልሰታ ከዓመት ፈቃዴ አምስት ቀን ወሰድኩ። የጠዋቱ አቦል ስለሚቀር የመጀመሪያውን ቀን እየፈራሁ ነው የዋልኩት። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ፣ ራሴን እየዳሰስኩ ጠበቅኩ። ረሃቡ አለ፣ ጉልበቴም ደከም ብሏል። ራሴ ግን ምንም አላለኝም። ቅዳሴ ወጥተን በጭቃው ላይ እየተደጋገፍን ስንመለስ እማማ "ዛሬ ነጠላሽን አላሰርሽም" አሉኝ። ቤት ገብቼ መጀመሪያ እህል በላሁ። ከዚያ ቆሎዬን ይዤ ወጣሁ፣ ቶናው እየተቀዳ ነበር፣ በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ተቀምጬ በረካውን ጠበቅኩ።