ከሌክቸር ሩም ወደ ፊልድ፦ ግጭት መከላከል ውስጥ እንዴት ገባሁ፣ ምን ተማርኩ

ፒኤችዲዬን የሰራሁት በግጭት ዳታ ላይ ነው። የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ዳታ አንድን ግጭት የትጥቅ ግጭት ብሎ የሚመዘግበው በዓመት ቢያንስ 25 ሰው በውጊያ ሲሞት ነው፣ እኔም 24 የሞተበትን ከሰንጠረዤ አውጥቼ እቀጥል ነበር። ለጥናት መለኪያ ያስፈልጋል፣ መከላከል ለሚፈልግ ሰው ግን 25 እስኪሞላ ከተጠበቀ ነገሩ አልቋል።

ወደ እርዳታ ስራ የገባሁት በስድስት ወር ኮንትራት ነው። ማመልከቻዬ ላይ ያሳተምኳቸውን ጥናቶች ደርድሬ ነበር፣ የቀጠሩኝ ግን ቋንቋውን ስለምችልና ሰው አናግሬ መረጃ ማምጣት ስለምችል ነው። ለዚህ ነው ተማሪዎቼን ከመመረቃችሁ በፊት ለአጭር ጊዜም ቢሆን ፊልድ ውጡ የምላቸው።

መጀመሪያ የሄድኩት ተፈናቃዮች መጠለያ ነው። ስፌር የሚባለው የእርዳታ ስራ ዝቅተኛ ስታንዳርድ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ ለአንድ ቧንቧ ቢበዛ 250 ሰው ይላል፣ ሁለቱንም አሟልተን ደስ ብሎን ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከአጥሩ ማዶ አንዲት እናት ባዶ ጀሪካን ይዘው ቆመው ቧንቧውን ያያሉ። ምነው እናቴ ስላቸው «እነሱ ትናንት መጥተው ይጠጣሉ፣ እኔ እዚሁ ተወልጄ ውሃ ልለምን?» አሉኝ። በሳምንቱ ድንጋይ መወርወር ተጀመረ። እርዳታው ራሱ ጠብ እየጫረ ነበር፣ እኛ ደግሞ የቆጠርነው አጥር ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። የውሃ መስመሩን ወደ ውጭ አስቀጥለን ከሁለቱም ወገን ኮሚቴ ካስመረጥን በኋላ ነው ነገሩ የበረደው።

ሌላው የተማርኩት ስለ ማስጠንቀቂያ ነው። ሩዋንዳ የነበረው የተመድ ሰላም አስከባሪ አዛዥ ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 1994 የተደበቀ መሳሪያ እንዳለ፣ ቱትሲዎች እየተመዘገቡ እንደሆነና ይሄም ለመጨፍጨፍ ሳይሆን እንደማይቀር ኒውዮርክ ላለው የተመድ ዋና መስሪያ ቤት በፋክስ አሳውቆ ነበር፣ መሳሪያውን ልያዝ ሲል ግን አልተፈቀደለትም፣ እልቂቱ የጀመረው ኤፕሪል ላይ ነው። ይሄን ለዓመታት ሳስተምር ኖሬ እንኳን እኔ የፃፍኩት የመጀመሪያ ሪፖርት 60 ገፅ ነበር፣ ከነቲዎሪው ምናምኑ። የተቀበለኝ ኃላፊ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ታዲያ ነገ ጠዋት ምን ላድርግ?» አለኝ፣ መልስ አልነበረኝም። አሁን አንድ ገፅ ነው የምፅፈው፣ ማን ምን እስከመቼ ያድርግ የሚለው ከላይ፣ ምክንያቱና ያላረጋገጥኩት ነገር ከስር።

ባለፈው በአንድ የገበያ ቀን ጠብ ሊነሳ እንደሚችል ከሶስት የተለያዩ ሰዎች ሰማን፣ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች በዋዜማው ተገናኝተው ወጣቶቹን ሲያናግሩ አመሹ። በማግስቱ ከገበያው ዳር ቆሜ ዋልኩ፣ ሰው ሸጦ ሸምቶ ወደ ቤቱ ገባ። ሰንጠረዥ ላይ የሚሞላ ምንም ነገር የለም፣ ማስታወሻዬ ላይ «ገበያው በሰላም ዋለ» ብዬ ፃፍኩ።